ወይዘሮ ጡት ብቻ

ከጦር ሰፈሩ በር አንስቶ እስከ ከብት ገበያው ድረስ ነገሌ ቦረና ውስጥ «ወይዘሮ ጡት ብቻ» ሲባል የማያውቃት የለም። እውነተኛ ስሟ ሀረገወይን ነው። የሻምበል ባሻ ፍሬሰንበት ሚስት ናት። ባሏ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከጎጃም ወደዚህ ሲዛወር አብራ መጣች፣ ሦስት ልጆች አሳደገች፣ በሰፈሩ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስትሠራ ኖረች፤ በአርባ ስምንት ዓመቷ ደግሞ አንድ የእርዳታ ድርጅት የእናቶች አመጋገብና የጡት ማጥባት አስተማሪ አድርጎ ቀጠራት። ለዚህ ያበቃት ዕውቀት አዳማ ሆቴል ውስጥ የተሰጠ የስድስት ቀን ሥልጠና ነው። በስድስት ቀን ቂጣ መጋገር የማይለምድ ስንት ሰው አለ። እሷ ግን የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ሳሎኗ ውስጥ፣ ከልጇ የሠርግ ፎቶ በላይ ሰቀለችው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከተማው ዳር ካለው ግራር ሥር ትቆማለች። ከፊቷ ሠላሳ የሚሆኑ የጉጂና የቦረና እናቶች መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከጎኗ ፎዚያ የምትባለው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቆማ ወደ ኦሮምኛ ትመልስላታለች። ሀረገወይን ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚህ አገር ኖራ ከኦሮምኛ የያዘችው ሰላምታዎቹን «አካም» እና «ናጋ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም የምትናገረው ገበያ ውስጥ ዋጋ ልታስቀንስ ስትፈልግ ነው።

«ስድስት ወር ጡት ብቻ!» ትላለች፣ የስዕሉን ሰሌዳ በአርጩሜ እየመታች። «ውሃ የለም! ቅቤ ማላስ የለም! የላም ወተት፣ የፍየል ወተት፣ የግመል ወተት የለም! ጡጦማ መርዝ ነው፣ መርዝ!»

ፎዚያ ትመልሳለች። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉና ይስቃሉ። በተለይ «ጡጦ መርዝ ነው» ሲባል ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ይዳረሳል፤ አንዳንዷማ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» ትላለች ሀረገወይን ወደ ፎዚያ ዞራ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ። «ከብት ጋር ውለው ከብት ጋር እያደሩ ምን ይግባቸው! ለሳሙናው ባይሆን አንዷም አትመጣም ነበር።»

ፎዚያ ሳሙናውን መቁጠር ትጀምራለች። ሴቶቹን የሚያስቃቸውን እሷም አሳምራ ታውቀዋለች፤ ግን የመንግሥት ደሞዝተኛ ናት፣ ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ትታዋለች።

የሚያስቃቸው እንዲህ ነው። ከመካከላቸው ዲንኪቱ የምትባል ሴት አለች። ሰው በበኩር ልጇ ስም «ሀዳ ጂሎ» ይላታል፣ የጂሎ እናት ማለት ነው። አምስት ወልዳ አምስቱንም አሳድጋለች። በየማለዳው ቢጫ ጀሪካኗን አዝላ ለከተማው ሰው ወተት ታከፋፍላለች። ከደንበኞቿ አንዷ ራሷ ወይዘሮ ጡት ብቻ ናት፦ በጓሮ በር፣ በየቀኑ፣ ግማሽ ሊትር። ወተቱ ለማን እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም። ጡጦው ታጥቦ፣ የአጥሩ እንጨት ላይ ተሰክቶ ሲደርቅ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

ጡጦው የሎሚ ነው። ሎሚ የሀረገወይን ልጅ የእሙሽ ሕፃን ናት። የእሙሽ ባል ሞያሌ ድንበር ጥበቃ ላይ ስለነበር እሙሽ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። ሕፃኗ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጡት ጠባች፣ ደህናም ነበረች። ሲመሽ ግን ታለቅስ ነበር፣ ሕፃን ናታ! ሀረገወይን የልጇን ጡት ጨመቅ አድርጋ አየችና ፍርዷን ሰጠች።

«ይሄ ወተት ነው? ይሄ እኮ አጓት ነው! ልጅቷ በረሃብ ልታልቅ ነው።»

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ጡት ብቻ የምትዪው?» አለች እሙሽ።

«እሱ ለእነሱ ነው!» አለች ሀረገወይን፣ በእጇ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አገር በሙሉ እየጠረገች። «እነሱ ውሃ አያፈሉም፣ ዕቃ አያጥቡም፣ ጡት ብቻ ቢሰጡ ይሻላቸዋል። እኛ እኮ ሰው ነን። እናንተን ሦስታችሁን በጡጦ አይደለም ያሳደግኋችሁ? ምን ጎደላችሁ?»

እሙሽ ጡቷን ሸፈነች። በዚያ ቤት ሀረገወይን ከተናገረች በኋላ ሻምበል ባሻውም ዝም ነው የሚለው፣ ያ መቶ ወታደር ሲያሰልፍ የዋለ ሰውዬ።

የሰው ቤት ውሃ ሳይፈላ ሲቀር የሚታያት ሴት የራሷ ቤት ውሃ ከቦቴ ተቀድቶ፣ በጀሪካን ሰንብቶ፣ ከሰል ሲኖር ብቻ እንደሚፈላ አልታያትም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነው። ጡጦው በገባ በሳምንቱ ሎሚ ጡቱን እንቢ አለች፣ ጡጦው ይቀላላ። ያልተጠባ ጡት ደግሞ እየሸሸ ይሄዳል። ሰባተኛ ሳምንቷን ስትይዝ ተቅማጥ ጀመራት።

ሆስፒታሉ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው። ሀረገወይን ግን ሆስፒታሉን ባሰበች ቁጥር የሚታያት የሕፃናት ክፍሉ ሰው ነበር። ባለፈው ነሐሴ፣ በጡት ማጥባት ሳምንት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ባነር ተሰቅሎላት ንግግር አድርጋለች፤ ነርሶቹ አጨብጭበውላታል፣ ፎቶም ተነስታለች። ዛሬ በጡጦ የታመመች የልጅ ልጅ ታቅፋ እዚያ በር ልትገባ? ሞቷን ትመርጣለች። የምትሞተው ግን እሷ እንዳልሆነች ለራሷ አልነገረችም። የሩዝ ውሃ ሞከረች። ጤና አዳም ሞከረች። ከጎረቤት የተረፈ የኦ አር ኤስ ዱቄት በግምት በጠበጠች። በአራተኛው ቀን ማታ ለባሏ «ካልተሻላት ሐሙስ ወደራ ከተማ እወስዳታለሁ» አለችው።

«ወደራ?» አለ ሻምበል ባሻ ፍሬሰንበት። «ሆስፒታሉ እዚህ አፍንጫችን ሥር አይደለም እንዴ?»

«ወደራ ያለው ሐኪም ጎበዝ ነው።»

ወደራ ያለውን ሐኪም አታውቀውም። ጎበዝነቱ እሱም እሷን አለማወቁ ነው። ሻምበል ባሻውም ይህ አልጠፋውም፤ ሬዲዮኑን ከፈተ።

ማክሰኞ ጠዋት ሀረገወይን ጥፋተኛዋን አገኘች። ወተት ሻጯ ናት! ወተቱ ውስጥ ምን እንደምትጨምርበት ማን ያውቃል! ስለዚህ ከፋርማሲ የዱቄት ወተት አስመጣችና ዲንኪቱ የጓሮውን በር ስታንኳኳ ዐይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ ፀጉሯ ተንጨባርሮ ወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ ወተት አያስፈልገንም።»

«ምነው?» አለች ዲንኪቱ። «ልጅ ናጋ?»

«አያስፈልግም አልኩሽ፣ አበቃ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ዲንኪቱ ትንሽ ቆመች። ከውስጥ የልጅ ድምፅ አልተሰማትም። ጀሪካኗን አስተካክላ ሄደች።

ሀረገወይን ከሰዓት ትምህርቷን አላስታጎለችም። ቤቷ ውስጥ ሕፃን እየደከመች ሳለ ለምን ሄደች ቢባል፣ ብትቀር ለምን ቀረች ስለሚባል ነው። ደግሞም ለዚያን ዕለት ያዘጋጀችው ነገር ነበራት። ሕፃን እንዴት ታቅፎ እንደሚጠባ ማሳያ የሚሆን አሻንጉሊት ድርጅቱ እልካለሁ ብሎ ወር ሙሉ ስላጓተተባት፣ ራሷ ሠርታ መጣች። የሻምበል ባሻውን አሮጌ ካናቴራ ሰፋች፣ ገለባ ጠቀጠቀችበት፣ በእስክሪብቶ ዐይን ሣለችለት። በሥራዋ ኮርታለች። ግራሩ ሥር ቆማ ገለባውን ሕፃን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረገች፣ «እንዲህ! ሆዱ ሆዳችሁን ይንካ!» አለች።

ማንም አልሳቀም።

ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሷም በመጨረሻ ቁም ነገር ገባቸው ብላ ደስ አላት። ሴቶቹ ግን ገለባውን ዐይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ልጅ የያዙት ልጆቻቸውን ሸፈኑ። አንዲት ሽማግሌ ተነሳች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ዲንኪቱ ወደ ሀረገወይን መጥታ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት፣ በኦሮምኛ ዝግ ብላ አንድ ነገር አለቻትና ሄደች። ፎዚያ ወዲያ ማዶ ካርቶን ስትከፍት ስለነበር አልሰማችም። ሳሙናውን አንዲት ሴት አልወሰደችም።

«ዐየሻቸው አይደል?» አለች ሀረገወይን። «አሻንጉሊት ፈርተው ሸሹ! አንቺ፣ ለእነዚህ ነው እኔ የምደክመው?»

በማግስቱ ረቡዕ፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ሃያ የሚያህሉ ሴቶች የሀረገወይንን ግቢ ሞልተው መሬት ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ስኳርና ሻይ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። አይናገሩም። ሻምበል ባሻ ፍሬሰንበት ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ አያቸው። ሰውዬው የአገር ወግ የሚያውቅ ነውና መጀመሪያ ኮፍያውን አወለቀ፣ ቀጥሎ ሰሌን አምጥቶ አነጠፈላቸው፣ በመጨረሻም ከዳር ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ። ማን እንደሞተ ለመጠየቅ አፈረ። የአጎራባች ወታደሮች ሚስቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

ሀረገወይን ጡጦውን በእጇ እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ሞተ?»

ከሴቶቹ መካከል ፎዚያ ተነሳች። ፊቷ ሌላ ሆኗል። «እትዬ ሀረገወይን… ሎሚ ሞታለች ብለው ነው የመጡት።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት» አለች ፎዚያ፣ መሬት መሬት እያየች። «ትላንት።»

ነገሩን ሻምበል ባሻው ነው ቀድሞ የተረዳው፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ወተቷን ትከለክላለች። ስለዚህ የሞተው ጥጃ ቆዳ ገለባ ይሞላና ፊቷ ይቀርብላታል፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። እነዚህ ሴቶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ገለባ የተሞላ ልጅ ያዩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ልጁ የሞተ ዕለት። ጠዋት ወተቱ ቀረ፣ ከቤቱ ድምፅ ጠፋ፣ አያትየዋ ዐይኗ ቀልቶ በር ዘጋች፣ ከሰዓት ደግሞ ገለባ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሰው ፊት ቆመች። ሌላ ምን ይበሉ? ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለው አዘኑላት። ስትሰድባቸው የኖረች ሴት ናት፤ ያም ሆኖ ለቅሶ ለቅሶ ነው ብለው መጡ።

«አልሞተችም!» አለች ሀረገወይን። ድምፅዋ ሰለለ። «ደህና ናት! ተነሱ፣ ሂዱ ከዚህ! የሰው ልጅ ላይ ሟርት ይዘው ይመጣሉ እንዴ!»

ዲንኪቱ አልተነሳችም። «ደህና ነው?»

«ደህና ናት አልኩ!»

«ጥሩ። አሳዪን፣ እንሄዳለን።»

«ምን ቆርጧችሁ! የእኔን ልጅ እናንተ ልትመረምሩ?»

ሀረገወይን በሩ ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። በዚህ ጊዜ ከጀርባዋ እሙሽ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመኗ እናቷን አልፋ ሄዳ አታውቅም። ያን ዕለት ግን እጇን ገፋ አድርጋ አለፈች፣ በቀጥታ ዲንኪቱ ዘንድ ሄዳ ተንበረከከችና ሎሚን ገለጠቻት።

ዲንኪቱ የሕፃኗን ሆድ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። እርግብግቢቷ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ዐይኗ ክፍት ነው፣ የሚያየው ግን የለም።

«ስንት ቀን?» አለች ዲንኪቱ።

«ስምንት» አለች እሙሽ፣ እናቷን ሳታይ።

ዲንኪቱ ቀና ብላ ሀረገወይንን አየቻት። እንዲህ ያለ አስተያየት ሀረገወይን ታውቀዋለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ ራሷ ለሰው የምትሰጠው ነው። ሲቀበሉት ምን እንደሚመስል ግን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

«ባጃጅ!» አለ ሻምበል ባሻ ፍሬሰንበት፣ ድንገት ብድግ ብሎ። ሠፈሩን በሙሉ የሚያሰልፍበት ድምፁ ተመልሶለታል።

«ልብሴን ልቀይር» አለች ሀረገወይን።

«ግቢ አልኩሽ!» አላት፣ ባጃጁ ሲመጣ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ያዘዛት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሙሽ ሎሚን ታቅፋ ገባች፣ ሀረገወይን ከጎኗ፤ ማንም ሳይጋብዛት ዲንኪቱም ገባችና በሩ በኩል ተቀመጠች።

የሕፃናት ክፍሉ ተረኛ ነርስ ሀምዛ ነበር፣ የነገሌ ልጅ፣ ነሐሴ ላይ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበላት። ሎሚን እንዳየ ጨዋታ አላበዛም፤ አልጋ ሰጣቸው፣ ኦ አር ኤሱን በትክክል በጥብጦ እሙሽን በማንኪያ አስጀመራትና ካርዱን ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ዕድሜ ጠየቀ፣ ጻፈ። ተቅማጡ የጀመረበትን ቀን ጠየቀ፣ «ስምንት ቀን» ሲባል ሀረገወይንን ቀና ብሎ አያትና ጻፈ።

«አመጋገብ…» አለና ፈገግ አለ። «ይሄንንስ አልጠይቅም። የእትዬ ሀረገወይን ቤት!» ብሎ «ጡት ብቻ» ከሚለው ጎን ራይት አደረገ።

ሀረገወይን የሎሚን ልብስ ማስተካከል ያዘች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያቺ ምልክት ከተጻፈች በኋላ ሀምዛ የሚያስበው ሁሉ በእሷ በኩል ሆነ። «ጡት ብቻ የምትጠባ ልጅ እንዲህ ከተጎዳች ሌላ ከባድ ነገር አለ ማለት ነው» አለ፣ ግንባሩን እያሸ። «እዚህ የማይሠራ ምርመራ ሊያስፈልጋት ይችላል። ሐኪሙ መጥቶ ካያት በኋላ ወደ ሀዋሳ ሪፈር ሊጽፍላችሁ ይሆናል።»

ሀዋሳ! እውነቱን ለመናገር ሀረገወይን ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት። ሀዋሳ ማንም አያውቃትም። እዚያ ደርሳ ለማያውቃት ነርስ ትናገረዋለች፣ እዚህ ስሟ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ደስታው ሁለት ትንፋሽ እንኳ አልቆየም። የመንገዱን ርዝመት አሰበችው፣ አቧራውን፣ የመኪናውን መናጥ። ከዚያ አልጋው ላይ ያለችውን አየች፤ አፏ ዳር ማንኪያው ሲደርስ እንኳ ከንፈሯን የማታንቀሳቅሰውን። ይህች ልጅ ሀዋሳ አትደርስም። ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም።

እሙሽ እናቷን አየች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ጠዋት የነበራት ድፍረት ያን ያህል ነበር፤ አልቋል። ሀረገወይን ወደ ዲንኪቱ ዞረች። እሷ ትናገር ብላ ነው፤ ዲንኪቱ ከተናገረች ውሸታም ትላታለች፣ ትሰድባታለች፣ በስድቡ መሃል እውነቱም አብሮ ይወጣል፣ እሷም ተገድዳ እንጂ ወዳ እንዳልተናገረች ይቆጠርላታል። ሰው ሲጨንቀው ስንት ያስባል! ሀረገወይን የፈለገችው ለዲንኪቱ ገባት።

«አፍ አለሽ» አለቻት ዝግ ብላ። «ለእኛ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሠራል።»

ሀምዛ ካርዱን ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

«ጡጦ ነው» አለች ሀረገወይን።

«ምን አሉኝ?»

አልሰማትም። ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ አለ፣ ስምንቱም ላይ እናት አለች፤ ግማሾቹ የወታደር ሚስቶች ናቸው፣ ግማሾቹን ግራሩ ሥር አስተምራቸዋለች። በሁለተኛው ጊዜ ቀስ ብሎ መናገር አይቻልም።

«ጡጦ ነው የሰጠናት! ከሦስት ሳምንቷ ጀምሮ። የላም ወተት፣ በውሃ የቀጠነ። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ሳቅ ጠበቀች። ማንም አልሳቀም። የሚያሳፍረው ደግሞ ማንም አለመገረሙ ነው፤ አንዷ ልጇን አገላበጠች፣ አንዷ ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች። ይህን ያህል ጊዜ፣ ልጅቷ እስክትጠወልግ ድረስ የደበቀችውን ነገር ነገሌ በሙሉ ያውቀው ኖሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሷም ሰምታለች፣ ለሌላ ሰውም ስንቴ ብላዋለች።

ሀምዛ ተመልሶ መጣ። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ራይቱን በአንድ መስመር ሰረዘና «ውሃው ይፈላል?» አላት፣ ማንኛዋንም እናት እንደሚጠይቅ።

«አንዳንዴ።»

«ጡጦው የት ይደርቃል?»

«አጥር ላይ» አለች እሙሽ።

ጻፈ። ሐኪሙ መጣ፣ ካርዱን አነበበ፣ የሀዋሳው ነገር ቀረ። ሎሚን በቱቦ ውሃ አጠጧት፤ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሙሽም አብራት አለቀሰች። «ጡትሽ ጨርሶ አልነጠፈም» አላት ሀምዛ። «ልጅቷ ከሳበችው ይመለሳል። ችግሩ መሳቡን ትታዋለች።»

እውነትም ትታዋለች። እሙሽ ጡቷን ስታስጠጋላት ሎሚ አንገቷን ጠምዝዛ ጮኸች። ሀረገወይን ከስዕሉ ሰሌዳ ላይ የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች፤ ሆድ ለሆድ፣ አፍ በሰፊው፣ አገጭ ከጡቱ። ቃሉ አንድም አልተሳሳተም፣ ልጅቷ ግን እንቢ አለች። ዲንኪቱ ይህን ስታይ ቆየችና ሐኪሙ ያዘዘውን ወተት በሲኒ ተቀበለች። ጡቱ ላይ፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ፣ ጠብ አደረገችው። ወተቱ ቁልቁል ፈሶ ሎሚ ከንፈር ላይ ደረሰ። ላሰች። እንደገና ጠብ። ላሰች፣ ያዘች፣ ሳበች፣ ለቀቀች፣ ጮኸች። እንደገና ጠብ።

«መጽሐፉም እንዲህ የሚል ነገር አለው» አለ ሀምዛ፣ ቆሞ እያየ።

«ጥጃም እንዲህ ነው» አለች ዲንኪቱ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ላሞቿ ስለሚገቡ ልትሄድ ተነሳች። ሲኒውን ለሀረገወይን ሰጠቻት። «ያዢ። በዝቶ ከፈሰሰ ትታነቃለች፣ ካነሰ ትተዋለች። እጅሽ አይቸኩል።»

ሀረገወይን ሲኒውን ተቀበለች። ማመስገን እንዳለባት ታውቃለች፤ ቃሉ ግን ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተማረችው ቋንቋ ውስጥ ነበር፣ በአማርኛውም ቢሆን ለዲንኪቱ ብላው አታውቅም። የመጣላት ሌላ ነገር ነው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

ዲንኪቱ ጥያቄውን አስባበት መለሰች። «ላም አምስት ቀን። ሰው አላውቅም። ሰው ይኮራል፣ ላም አትኮራም።»

ሄደች። ሀረገወይን ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። በየሁለት ሰዓቱ ስትንበረከክ ጉልበቷ ቆሰለ። የሰፈሩ ሴቶች ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ ዐይተዋት ይሄዳሉ፤ ውጭ ሲደርሱ የሚሉትን እሷ ከነቃሉ ታውቀዋለች፣ ስለሰው ስትለው ኖራለችና። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ወሬው ደርሶት ስልክ ደወለ፤ አላነሳችም። ሻምበል ባሻው ምሳ ያመጣል፣ እስክትበላ አጠገቧ ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ሎሚ ሳትጮህ ያዘች። በሦስተኛው ቀን ዘለግ አድርጋ ሳበች። ተቅማጡ ቆመ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሀረገወይን እንደለመደችው ተንበርክካ ሲኒውን ደቅና ሳለች፣ ሐሙስ ዕለት የተኛች አንዲት እናት ከማዶ አልጋ ተጣራች። አስተማሪዋ ማን እንደሆነች አታውቅም፤ ልጇ ጡት እንቢ ብሏት እያለቀሰች ነው፣ ይህች ሴትዮ የምታደርገውን እንድታሳያት ትለምናለች። ሀረገወይን ወደ እሷ ዞራ፣ «ቆዪ፣ ይቺ ትጥገብና እመጣለሁ» አለቻት። ልጁ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀቻት። ስንት ቀን እንዳልጠባ ጠየቀቻት። መልሱን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ከዚያ ድንገት ትዝ ሲላት ደነገጠች። ወተቱን ጠብ ካደረገች ምን ያህል ጊዜ ሆነ? ልጅቷ ትታው ይሆናል!

«እማዬ» አለች እሙሽ፣ በጣም ዝግ ብላ፣ «ዝም በዪ፣ ስሚ።»

ሰማች። ሎሚ ትውጣለች። ትስባለች፣ ትውጣለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትውጣለች። ሀረገወይን እጇን አየች። ሲኒው ከአፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነው፤ ጡቱ ላይ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።